በሲኒማ ቤት ያፈሰስኩት ዕንባ

ጥሩዬ፣

ከሸኘሁሽ ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። ሙት ዓመትሽን በደንብ አወጣን። ልጃችን ማህሌት ከአዲስ አበባ መጥታ ሳምንት ከእኔ ጋር ሰነበተች። ከሰፈራችን ከበቾ ቦሬ ጎረቤቶችሽ የቀረ የለም፤ ዝናቡ ድንኳኑን ቢያጎብጠውም ሁሉም እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ከመጠን በላይ ስላፈራ ለሰው አድዬ አልጨረስኩትም። የሳሎኑን መጋረጃ ቀይር ይሉኛል፤ አልሰማቸውም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለመናገር ፈርቼ ነው። ታውቂኛለሽ።

ነገሩ ያ የህንድ ፊልም ነው። ያ ዘፈን በዘፈን የሆነው፣ አገር ሁሉ እንደሱ ያለ አልተሠራም የሚለው፣ ከአጋሮና ከሰቃ ሰው በጭነት መኪና ጅማ ድረስ እየመጣ ያየው፣ አንቺ ቃሉን ሳታውቂ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር የምታዜሚው። ሲኒማ ቤት ገብተን አብረን ባየነው ቀን ከማስተምርበት ከአጋሮ የመጣሁት በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የፈተና እርማት በዝቶብኝ እንቅልፍ ካየሁም ቆይቶ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደከመኝ። አምስተኛው ላይ ልጅቷ ከባቡር ጣቢያው ተነስታ ለምን ወደ ቤቷ እንደማትሄድ ማሰብ ጀመርኩ። ገና መተዋወቃችን ስለነበር አጠገብሽ ማዛጋት ነውር መሰለኝ። ከንፈሬን ነክሼ ብይዘው ዕንባዬ በጉንጬ ወረደ። አንቺ ዞር ብለሽ አየሽኝ፤ ምንም ሳትዪ የነጠላሽን ጫፍ ሰጠሽኝ።

እውነቱ ይኸው ነው። ለቅሶ አልነበረም፤ ማዛጋት ነበር።

ያኔውኑ ብናገር ስቀሽ ታልፊው ነበር። ግን በሳምንቱ እህትሽ አግኝታኝ ምን እንዳልሻት ነገረችኝ። ለዘፈን የሚያለቅስ ሰው በእኔ አይጨክንም፣ አገባዋለሁ ብለሻት ኖሯል። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልናገር? ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ አገባሁሽ።

የባሰው ግን ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ነው። መጀመሪያ በካሴት፣ ኋላም በሲዲ አስፈልገሽ አገኘሽው። በየበዓሉ ማግስት ትከፍቺውና ከሳሎን ሆነሽ በኦሮምኛ ና ስትዪኝ “ኮቱ፣ ተጀመረ” ብለሽ ትጠሪኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያ ዕንባ ዳግመኛ እንደማይመጣ ስለማውቅ መኝታ ቤት ገብቼ ፈተና አርማለሁ። ጡረታ ስወጣ የሚታረም ጠፋ፤ ጓሮ ወርጄ ጎመን ማጠጣት ጀመርኩ። በክረምት፣ በጅማ ዝናብ! ጎረቤት ብቅ ብሎ የት እንደገባሁ ሲጠይቅሽ፣ እሱ ሆደ ቡቡ ነው፣ ይህን ማየት አይችልም ስትዪ በመስኮቱ እሰማሽ ነበር። እየሰማሁ ጎመኔን አጠጣ ነበር።

ማህሌት ዘንድሮ ፊልሙን የአማርኛ ትርጉም ከሥሩ ተጽፎበት በኮምፒውተሯ ይዛልኝ መጣች። በሙት ዓመትሽ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አብረን እንየው አለችኝ። እሺ አልኳት። አሁን አንቺ ስለሌለሽ በእውነት ያስለቅሰኛል፣ ውሸቴም ዘግይቶም ቢሆን እውነት ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ከሦስት ሰዓት በላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ትርጉሙን ሳነበው ጭራሽ ባሰብኝ። ያ አንጀትሽን የሚበላው ዘፈን፣ ጥሩዬ፣ ግማሹ ስለ ጃንጥላ ነው። ልጅቷ ሞተች፣ ብዙ ተዘፈነላት፣ የእኔ ዐይን ደረቅ ነው። ማህሌት እያለቀሰች እጄን ያዘችኝ። ልቤ የተሰበረ መስሏት “አባዬ፣ ልዝጋው?” አለችኝ። ያኔ መሸሸጊያ አጣሁ። ከነጠላሽ ጫፍ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። “እማዬ እኮ ብቻዋን ነበር የምታየው” አለች። ኮምፒውተሯን አጥፍታ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት የተጨነቅሁት ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ ነበር። ብቻሽን መሆንሽን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ፊልሙን አልወደድኩትም፤ ይቅር በዪኝና ዛሬም አልወደውም። ግን ውደደው ብለሽኝ አታውቂም። ኮቱ ብቻ ነው ያልሽኝ። መጥቼ አጠገብሽ መቀመጥ አያቅተኝም ነበር፤ እያዛጋሁም ቢሆን።

ማህሌትን ሸኝቼ ስመለስ ሶፋውን ልብ ብዬ አየሁት። አንደኛው ጥግ አንቺ እየተቀመጥሽበት ጎድጉዷል። ሌላኛው ጥግ እንደተገዛ ነው። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ማዶ ወንበሩ ላይ ነበር የምታስቀምጪው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም። ከእንግዲህ ሰው ስለ እኛ ቢጠይቀኝ የሲኒማ ቤቱን ዕንባ አላወራም። እስካለሁ ድረስ የማስታውሰው፣ ስትደውል ለማህሌትም የምነግራት፣ ለእኔ ይዘሽልኝ የኖርሽውን ያን ቦታ ነው።

ያንቺው፣
ደምሴ