አንገቴን ያቀናሁበት ምክንያት

ለምወድዎት እናቴ ለወይዘሮ የሺመቤት፤

እንደምን ከረሙ፣ እናቴ? ወገብዎ በጾሙ ስግደት አልተነሳብዎትም? ጉልበትዎስ? አባባን ሳሉ ተዋቸው ወይስ አሁንም ከማኅሌት ሲመለሱ ይጀምራቸዋል? ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁን ደህና ነኝ ስል እውነቴን ነው። እስከ ዛሬ በየደብዳቤው ደህና ነኝ እያልሁ የጻፍሁልዎት ለወጉ ነበር፤ አንገቴ እንደ ደረቀ ጠፍር ከርሮ ነበር የሚያድረው።

በወንድሜ በወልደ ዮሐንስ ደብዳቤ የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይወርቅ ሐሙሲት ላይ አይተውኝ፣ ልጅሽ ፋብሪካ ገብታ አንገቷን አንጠራርታ፣ የሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ትሄዳለች ብለው ነገሩዎት አሉ። እርስዎም፣ እንደ ወጣች አንገቷን ደፍታ ካልመጣች ለፋሲካ ደጄን አትርገጥ ብለዋል። እምዬ፣ ይህን ሳነብ በጣም ከፋኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም ብል ውሸት ነው፤ ሽሮዬን በልቻለሁ። ግን አልቅሻለሁ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። የምሠራው ፈትል ክፍል ነው። ክሩ የሚጠነጠነው ከወገቤ በታች ስለሆነ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁልቁል እያየሁ የተበጠሰውን እቀጥላለሁ። በኅዳር ቀኝ እጄ መደንዘዝ ጀመረ። ክሩን ይዣለሁ ስል ለካ አልያዝሁትም። ጠበል ተጠመቅሁ፣ ወጌሻም አሸኝ፤ አልተወኝም። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድሁ።

እዚያ አቶ ዓምደ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ድሬሰር አሉ። መርፌ ይወጉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጀርባሽን ለግድግዳው ሰጥተሽ ቁሚ አሉኝ። ቆምሁ። ተረከዝሽ ነክቷል? ትከሻሽስ? ጭንቅላትሽስ? እያሉ ሲጠይቁኝ አንዱንም አላውቅም። ጭንቅላቴ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ኖሯል! ስሜን መዝገቡ ላይ አዩና ሳቁ። ስምሽ አካሉ ሆኖ አካልሽን አታውቂውም እንዴ አሉኝ። እንዴት አፈርሁ!

ያዘዙልኝ መድኃኒት ይህ ብቻ ነው። ክር በተበጠሰ ቁጥር፣ ከመቀጠሌ በፊት አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ እተነፍሳለሁ። እግሬ መሬቱን እንዴት እንደረገጠ፣ ትከሻዬ የት እንዳለ፣ ጥርሴን ነክሼ እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። ከዚያ ትከሻዬን ወደ ታች ለቅቄ አንገቴን አቀናለሁ። ክሩን ስቀጥልም ከወገቤ ሳልጎብጥ ጉልበቴን አጠፍ አደርጋለሁ። ደረት ነፍቶ መገተር አይደለም፤ እሱንማ በሰልፍ ቀን ጠግበነዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከጎኔ የምትሠራው ወለተ ሩፋኤል፣ ቀና ባልሁ ቁጥር ካድሬ የመጣ እየመሰላት ትደነግጥ ነበር። አሁን እሷም ታደርገዋለች። እጄም በጥር ተመለሰልኝ። ከሥራ ስወጣ በሐይቁ ዳር ነው የምሄደው፤ ሦስት ዓመት ስመላለስ የማውቀው መንገዱን ነበር፣ ዘንድሮ ውኃውንም አየሁት።

አንድ ነገር ግን ታዘብሁ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ የሚወጣው ሲደክመኝ ብቻ አይደለም። አለቃ ሲያልፍ፣ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝም ሳላዘው ይወጣል፤ አንገቴም ይደፋል። እንዲህ አድርገው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ክፉ አላስተማሩኝም፤ አንገቷን የደፋች ልጅ መባሌ ያኮራዎት እንደነበር አውቃለሁ። ግን እናቴ፣ አባባ በማኅሌት መቋሚያቸውን ይዘው ቀጥ ሲሉ ማን ትዕቢተኛ አላቸው?

ሐሙሲት ላይ የሆነው ይህ ነው። የወለተ ሩፋኤል አባት ሞተው ለቅሶ ደርሼ አውቶቡስ ስጠብቅ እትዬ ፀሐይወርቅን አየሁ። ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ይህን ለምን እንዳልነገሩዎት እሳቸው ያውቃሉ! ጥፋቴ፣ ከሳምሁ በኋላ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየቴ ነው። በማየቴም ግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ የመሰለ ነጭ ነገር እንዳለ አወቅሁ። ሳይብስባቸው ሐኪም ይይዎት ይበሉልኝ። ቢያሙኝም እወዳቸዋለሁ።

ስግደቱን ይተዉ አልልዎትም፤ ማን ሊሰማኝ! ግን ሲነሱ አንድ እግርዎን አስቀድመው፣ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው፣ ትንፋሽዎን ሳይዙ ቀስ ብለው ይነሱ። ወገብዎ የት ላይ እንደሚይዝዎትም ሳይቸኩሉ ያዳምጡት።

ባለፈው ሳምንት ወለተ ሩፋኤል፣ ዓይንሽን ከማን ወሰድሽው፣ ከእናትሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እምዬ፣ የግራ ተረከዝዎን ንቃቃትና የቀሚስዎን ጥለት ጨለማ ውስጥም እለየዋለሁ። ዓይንዎን ግን አላውቀውም። ይፋግ ላይ አውቶቡስ ያሳፈሩኝ ዕለት ሲያለቅሱ ሰማሁ እንጂ አላየሁም፤ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ስለዚህ ለፋሲካ ልምጣ። ደጅዎ ላይ ወድቄ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ ስነሳ ግን ቀና ብዬ አይዎታለሁ። ይህን ብቻ ይፍቀዱልኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ስማለች ይበሉልኝ። እኅቴ እናትዓለም እንደምን አለሽ? እንስራውን ስታዝዪ ወገብሽን አደራ። እትዬ ፀሐይወርቅንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የዓይናቸውን ነገር እንዳይረሱ።

ወንድሜ ወልደ ዮሐንስ፣ ይህን ለእናታችን ስታነብላቸው ወረቀቱ ላይ ጎብጠህ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ስትደርስ ቀና በልና ፊታቸውን እይልኝ። ያየኸውን ጻፍልኝ።

ልጅዎ አካሉ

ባሕር ዳር
መጋቢት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.