ውኃ ላይ የምትሮጠው ወፍ

ሰኞ፣ ነሐሴ 3
አንዲት መስመር ዘለልኩ። ወንድሜ ግርማ ከኤደን ወደብ የላከውን ደብዳቤ ለእማዬ ሳነብላት ነው። መርከብ ላይ ከተቀጠረ ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ ባሕርን የምታውቀው ቄስ ሲያነቡ ሰምታ ብቻ ነው።

ስለ አንዲት ወፍ ጽፏል። ድንቢጥ የምታህል፣ ጥቁር፣ ጭራዋ ሥር ነጭ ያለባት። የብስ በማይታይበት መሐል ባሕር መርከቡን በብዛት ይከተሉታል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ በቀጫጭን እግራቸው ውኃውን መታ መታ እያደረጉ ይሮጡበታል።

እማዬ ደስ አላት። «ጴጥሮስ እንኳ ሰጥሞ የለ?» አለች።

ያላነበብኩላት፦ «ሽማግሌዎቹ መርከበኞች እሷ ስትበዛ ማዕበል አይቀርም ይላሉ። ሰሞኑን በዝታለች።»

ማክሰኞ
ዝናብ። የሰፈራችን የቀራንዮ ጭቃ ጫማዬን ሊያስቀረው ነበር። እማዬ ማታ፣ «መኝታስ የት ነው?» አለችኝ። ስለ ግርማ መስሎኝ ነበር። ስለ ወፏ ነው።

ሐሙስ
ጉዴ ፈላ። እኛ ሰፈር ደብዳቤ አንዴ ተነቦ አያበቃም፤ በመቀነት ተቋጥሮ ቤት ለቤት ይዞራል። እኔ ሞኟ ይህን ረሳሁ። የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ለእማዬ አነበበችላት፣ ምንም ሳትዘል።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ለኔ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ» አለች። «ግን አልማዝ፣ ያላወቅሁትን እንዴት እጸልያለሁ? እስከ ዛሬ ስለ ሆዱ ብቻ ነው ስለምንለት የኖርኩ።»

አፈርኩ። ሁለተኛ አልዘልም ብዬ ማልኩላት።

እሑድ
ከመድኃኔ ዓለም ስትመለስ ግቢ ውስጥ ስንዴ በተነች። «ለእነዚህ ወፎች የሰጠሁትን ለዚያችኛዋ ይቁጠርልኝ» አለች። ዶሮዎቹ ቀድመው ለቃቀሙት። እሷ ግን በየጠዋቱ ልትበትን ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 14
የመሥሪያ ቤቴ ፖስታ ሣጥን ባዶ ነው። ዛሬ ሦስቴ አየሁት። እፈራለሁ። እማዬ አትጠይቀኝም፤ ስገባ እጄን ብቻ ታያለች።

ሰኞ፣ ነሐሴ 17
መጣ! አውቶቡስ መጠበቅ አቅቶኝ ከጦር ኃይሎች እስከ ቤት በእግሬ ገሠገሥኩ፤ ሳልከፍተው።

ማዕበሉ ሁለት ቀን አንገላቷቸዋል። ደኅና ነው። አንዷ ወፍ መብራቱ ስቧት መርከቡ ላይ ወድቃ መነሣት አቃታት። በመዳፉ ይዟት አደረ። ሲነጋ ወደ ነፋሱ ቢለቃት ሄደች።

ከዚያ በታች፦ «አልሚ፣ ይህችን ለእማዬ እንዳታነቢ።»

ከወረቀቱ ቀና አልኩ። እማዬ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ምያለሁና አነበብኩት፣ «እንዳታነቢ» የሚለውንም ጭምር። «ሲብስብኝ እማዬ፣ እማዬ እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።»

ወረቀቱን ተቀብላኝ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

«ታዲያ ማንን ሊጠራ ኖሯል?» አለች።

ማምሻውን እትዬ ዘይነባ ወሬ ልትጠይቅ መጣች። ደብዳቤው መቀነቷ ውስጥ ነበር፤ እማዬ አላወጣችውም። «ደኅና ነው፣ ወፍ አዳነልሽ» ብቻ አለቻት።

እሷም አንዲት መስመር ዘለለች።