ስምህን ያሰረዝኩበት ቀን

ለምወድህ ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ አክስትህ ጩኸታም ናት።

አንተ የሌላ አገር ዜጋ ከሆንክ ወዲህ አባትህ ለሁለታችን ያወረሰን እርሻ ጣጣ ሆነብኝ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ «የልጅሽ ስም ካልወጣ እርሻው በሙሉ ይወሰዳል» አለኝ። ቅጹ ላይ ግን ስም ለማሰረዝ የተጻፈው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ሞት። «ኧረ ልጄ በሕይወት አለ!» ብዬ ጮህኩ። «እማማ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለኝ። ፈርሜ የአውራ ጣቴን አሻራ አኖርኩ።

ቀለሙ በሳሙናም በአመድም አልለቅ አለኝ። እህትህ «ምን ነክተሽ ነው?» ብትለኝ «እንጃ» አልኳት።

የኔን ዕድሜ ጨምሮ ይስጥህ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፍልኝ፤ ደውለህ ድምፅህን አሰማኝ።

እናትህ