ማስተዋል ቢግ ዳታ ስትማር

ማክሰኞ

«ማስቲ» አላት። በስልክ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ። «ማስቲ፣ ኮሶዬን አገኘኋት! በስንት ዓይነት እንደጻፏት ብታዪ!» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እሷማ ዓይኗ እስኪያነባ።

ማስቲ የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቷ እንኳ «ማስተዋል» ነው የምትላት።

ሄኖክ ይባላል። የክፍል ጓደኛዋ ነው። ባለቤቴ ቢግ ዳታና አናሊቲክስ የሚሉትን ሁለተኛ ዲግሪ ከጀመረች ወዲህ ስሙ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ሄኖክ አዲስ ፕሮግራም አሳየኝ። ሄኖክ እንዲህ ብናደርገውስ አለ። ሄኖክ ቁርስ ሳይበላ መጣ። ቁርስ አለመብላቱ እኔን ምን አገባኝ?

ምን እንዳሳቃት ጠየቅኳት። ለፕሮጀክታቸው የሕሙማን የቀጠሮ መረጃ ተሰጥቷቸዋል፤ የሰው ስም ተሰርዞ። በቀጠሮው የማይመለሰው የትኛው ሕመምተኛ እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠቁም ሞዴል ሊሠሩበት ነው። የመጡበት ቦታ ግን እንደየጻፊው ነው፦ ኮሶዬ፣ ኮሶየ፣ ቆሶዬ፣ ኮሦዬ። ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ሌላ አገር ነው።

«አገርህ በዛች» አለችኝ። ኮሶዬ ተወልጄ ያደግሁባት ናት። ቀልዱ ገብቶኛል። አልሳቅኩም።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሁለታችንም እዚሁ አዘዞ ሂሳብ እናስተምራለን። የዩኒቨርሲቲውን የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና አብረን ተፈተንን። እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ። ያን ዕለት አቅፌ ሳምኳት፤ ደስታዬም የውሸት አልነበረም። አሁን ግን ላፕቶፑን ስትከፍት ተነሥቼ ማድ ቤት እገባለሁ።

ረቡዕ

አያ ደመቀ ከኮሶዬ መጣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዓይኑን ሊታከም። እስከ ቅዳሜ እኛ ጋ ነው።

ማስተዋል ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ስልኳን ከፈትኩ። ጻፍኩት እንግዲህ። የሄኖክን መልእክት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። «ባዶዎቹን ቦታዎች ምን እናድርጋቸው?» «ያቺ መስመር አሁንም አልሠራችም።» «ዕድሜው ሁለት መቶ የሆነ ሰውዬ አገኘሁ።» አንድ ቦታ ላይ የሳቅ ምልክት አለች። ያቺን ምልክት ደጋግሜ አየኋት። ስለ ዕድሜው ሰውዬ ነው የሳቁት? ወይስ ስለ ሌላ?

ሌላ ምንም የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ተናደድኩ። ግማሹ ቋንቋ አይገባኝማ! ፍቅር ቢሆን ይገባኝ ነበር።

እራት ላይ አያ ደመቀ «ለመሆኑ ሚስትህ ምንድን ነው የምትማረው?» አለኝ። እሷ ገና ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አልተመለሰችም።

«ብዙ መረጃ ሰብስቦ ማገላበጥ» አልኩት።

«አገላብጠውስ?»

ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ለአጎቴ የሚስቴን ትምህርት ማስረዳት አቃተኝ።

«አንተስ ምነው ሳትማር ቀረህ?» አለ ቀጥሎ። ክፋት አልነበረበትም። ወጡን ጨመርኩለት።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ጃንጥላዋን ረስታ ወጥታለች። ጥሩ ሰበብ! የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እንደጨረስኩ ጃንጥላዋን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ላግዛት ሳይሆን ልሰልላት ነበር የሄድኩት። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ ተለማመድኩ። «እንደምን ዋላችሁ! ሄኖክ ማለት አንተ ነህ?» ቆፍጠን ብዬ።

ክፍላቸው ምድር ቤት ነው። በመስኮቱ አየሁ።

ሰሌዳው ፊት የቆመችው እሷ ነበረች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጣቶቿን ጠመኔ ነክቷቸው ታስረዳለች። የተቀሩት ተቀምጠው ይጽፋሉ። አንድ አጭር፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ልጅ እጁን አውጥቶ ጠየቀ። «ቆይ ሄኖክ፣ ከመጀመሪያው እንየው» ብላ አጠፋችና እንደገና ሠራችለት። እኔ የፈራሁት ዓይኑን ነበር። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው። እሷን የሚያያት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ሰሌዳ አውቀዋለሁ፤ ማለቴ ሰሌዳ ፊት መቆምን። እሷ ግን ቤት ውስጥ እንዲህ ሆና አታውቅም። ድምፅዋ እንኳ ሌላ ነው። በሄኖክ መቅናቴ እዚያው መስኮት ሥር አለቀ። ሌላው ግን ጀመረ። ወይም ድሮም እሱ ነበር።

ሳልገባ ተመለስኩ። ዝናቡም መጣ። ማታ እንደ ውሻ በስብሳ ገባች።

«ጃንጥላዬን አላየህም?»

«አላየሁም» አልኩ። ከአልጋው ሥር ነበር።

ዓርብ

ወሬ ይዛ መጣች። ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ ሁለት ተማሪ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እሷና ሄኖክ ተመርጠዋል። ሰኞ ፕሮጀክታቸውን አቅርበው እዚያው መልስ መስጠት አለባቸው።

«ምን ትላለህ?» አለችኝ። ጫማዋን ገና አላወለቀችም።

«እንዳሻሽ።»

ከዚህ የከፋ ቃል በአማርኛ የለም። ፊቷ ላይ ሲያርፍ አየሁት። እሷ ግን ነገሩን ልታሳልፈው ፈለገች መሰል፣ ሞዴሉ ከመቶ ሰው ስንቱን በትክክል እንደሚለይ ልትነግረኝ ጀመረች። አላስጨረስኳትም።

«ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ በቀጠሮው የሚመጣ ከሆነ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ‹ሁሉም ይመጣል› ብል ዘጠና አምስት አገኛለሁ። ዲግሪ የሚሰጡት ለዚህ ነው?»

አያ ደመቀ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኼን እኮ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያስተማሩን፣ ጌች» አለች። «እኛ የምናየው ከሚቀሩት መካከል ስንቱን አስቀድመን እንዳወቅን ነው። የሚመጣውማ ይመጣል።»

ብትጮህብኝ ምን ነበረበት! ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንደሚነገር፣ በትዕግሥት ነው የነገረችኝ። ደግሞም ልክ ናት።

ቅዳሜ

አያ ደመቀን መናኸሪያ ሸኘሁት። መኪናው እስኪሞላ ቆመን ሳለ ክንዴን ያዘ።

«ዓይኔን ልታከም መጥቼ ያንተን ዓይን ሳይ ሰነበትሁ። ሚስትህን አስተያየትህ ሸጋ አይደለም።»

«ምን አደረግሁ አያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ለሷ ንገራት።»

ቤት ስደርስ ልብስ እያጠበች ነበር። ተቀብዬ መጭመቅ ጀመርኩ። አንዱን አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን ሳለ «ቀንቻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስልኬን ያየህ ዕለት አውቄያለሁ፤ ገልብጠህ ነው ያስቀመጥከው። ሄኖክ እኮ ወንድሜ ማለት ነው።»

«በሄኖክ አይደለም። እሱ መስሎኝ ነበር። ባንቺ ነው።»

እፎይ የምንል መስሎኝ ነበር። ሰው የልቡን ሲናገር ይቀለዋል ይላሉ። እሷ ግን አንሶላውን ለቀቀችው።

«በሄኖክ ብትቀና ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሄኖክን ተይው ብትለኝ መተው እችላለሁ። እኔን ምን ላድርጋት?»

የወደቀውን አንሶላ ብቻዬን እንደገና አለቀለቅኩት።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ለየብቻ ሄድን። እሷ ቀድማ፣ እኔ ኋላ። አልተጣላንም፤ ጨው አቀብለኝ ትላለች፣ አቀብላታለሁ።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ከፍታ ስትለማመድ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አሳዪኝ» አልኳት። ተጠራጥራ አየችኝ። ከዚያ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጠፋብኝ። «ድገሚልኝ» ማለት ከዚህ ቀደም እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። ደገመችልኝ። አሁንም ግማሹ ነው የገባኝ። ጥርሴን ነክሼ ሦስተኛ ጠየቅኩ።

«ተማሪዎችህ እንዲህ ሲጠይቁህ ትቆጣለህ?» አለች።

«አንዳንዴ።»

ፈገግ አለች መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰኞ

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሄኖክ መጥቶ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ» ብሎ ጨበጠኝ። ጋሼ!

ገና መናገር እንደጀመረች መብራት ጠፋ። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የበራው ሥዕል ሁሉ ጨለመ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ አሁን ምን ትሆናለች ብዬ። እሷ ጠመኔ ፈለገች፣ ሰሌዳው ላይ ሣለችው፣ ቀጠለች። አንዱ መምህር አጥብቆ ጠየቃት፤ «ይህን ገና አላወቅነውም» አለች፣ ሳታፍር። እኔ ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ስትጨርስ መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ቶሎ በመሆኑ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ውጪ ስንወጣ «ሳልጠይቅህ ልንገራቸው ወይስ ልጠይቅህ?» አለችኝ።

«አትጠይቂኝ። ሂጂ።»

ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። ሰምታዋለች። ተመልሳ ገብታ እንደምትሄድ ነገረቻቸው።

ሚኒባስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛችም ለካ። የእኛ ፌርማታ ሲደርስ «ወራጅ» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መታጠፊያ ሄድን። ትከሻዬ ደነዘዘ። እንቅልፉ ሲለቃት «የት ነን?» አለች፣ «ትንሽ አልፈናል» አልኳት፣ ወርደን በእግራችን ተመለስን።

ቅናቱ ወጥቶልኛል ብዬ አልጽፍም። መንገድ ላይ እንኳ ስለ አዲስ አበባ ስታወራ አንዴ ጎበኘኝ። ግን ወሬዋን እንዳታቋርጥ እየጠየቅኩ መጣሁ። ሁለት ወር ረጅም ነው። እንጃ።