ጎባጣዋ ካያክ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንዴት ከረሙልኝ? ወገብዎ ተሻለዎት? እማዬስ፣ ጉልበቷ ደረጃ ለመውጣት እሺ አላት? እኔ ጣቶቼን ኮላ ቢያለብሳቸውም በጣም ደህና ነኝ፤ ዛሬማ ደስታዬ ልክ የለውም።

እስካሁን የደበቅሁዎት አንድ ጉድ አለ። አለቃዬ የጀልባ ወርክሾፑን ወለል የምጠርግበትን መጥረጊያ አስጥለው ማዕበል ላይ መጫወቻ ካያክ እንድሠራ አዘውኝ ነበር። ካያክ ማለት አንድ ሰው ቁጭ ብሎባት በመቅዘፊያ የሚነዳት ጠባብ ጀልባ ናት። ንድፉ ላይ ሆዷ ከፊትም ከኋላም ሽቅብ ጎብጧል። እኔ የእርስዎ የአናጢው ልጅ አይደለሁ እንዴ፤ ንድፍ አውጪው ተሳስቷል ብዬ፣ እንደ በር ሳንቃ ገመድ ወጥሬ ቀጥ አድርጌ ላግሁት። ባሕር ስትገባ አፍንጫዋን መጀመሪያው ማዕበል ውስጥ ሰክታ ቀዛፊውን በጭንቅላቱ ተከለችው። ሰውየው ደህና ነው። የወርክሾፑ ቀለም ቀቢ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ "ቀጥ በይ" እያለ ይጠራኛል።

አለቃዬ ሁለተኛ እንድሠራ ፈቅደው፣ እሷም አፍንጫዋን ከሰካች ወደ መጥረጊያዬ እንደምመለስ ቁርጡን ነገሩኝ። በኋላ ትዝ ያለኝ የእርስዎ ወንበር ነው። መደገፊያውን በፈላ ውሃ እንፋሎት እያለሰለሱ ሲያጎብጡት ጨርቅ ይዤ አጠገብዎ እቆም አልነበር? እኔም ሳንቃዎቹን እንደዚያው አድርጌ አጎበጥኳቸው። ቶሎ እንድትዞርም አሳጠርኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አለቃዬ "የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ውጪባት" አሉኝ። አልዋሽዎትም፣ ፈርቼ ነበር፤ ዋና ከተማርኩ ገና ዓመቴ ነው። ማዕበሉ ከኋላ ሲያነሳኝ አፍንጫዋ ቀና አለ። ቁልቁል ተንሸራተትኩ፣ ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ። አራተኛው ማዕበል ገለበጠኝ፤ በመቅዘፊያዬ ውሃውን ገፍቼ ራሴው ቀና አልኩ። ዳር ከቆሙት ሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ቀለም ቀቢው ነው። አለቃዬ ሌሎች ሦስት ካያኮች እንድሠራ ሰጡኝ፤ ሰኞ ዕለት ወለሉን የጠረጉት ራሳቸው ናቸው።

ቀለም ቀቢው ጎኗ ላይ ምን ስም ልጻፍ ሲለኝ "የአባዬ ወንበር" አስባልኩት። ትልቅ አድርጎ በቀይ ጽፎታል።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ። ውሃ ይበላሻል ብሎ የተከራከረኝን ታላቅ ወንድሜን ደረቅ ሆኜ ነው የምጽፍልህ በሉልኝ። ታናሽ እህቴ መላጊያዬ እንዳይዝግ፣ ዘይት ትቀባልኝ። አክስቴንም ሰላም በሉልኝ። እርስዎ ግን ይህን ደብዳቤ እዚያችው ወንበር ላይ ደገፍ ብለው ያንብቡት፤ እኔም ማዕበሉ ላይ የተደገፍኩት እሷኑ ነው።

ልጅዎ
ከወርክሾፑ ፎቅ፣ ባሕሩ ከሚታይበት ክፍሌ
ሚያዝያ 9 ቀን