በቴሌቪዥን ለባለቤቴ ስለተተከሉት የመብያ እንጨቶች

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኡቡካታ፣ የሚሶራ ቴሌቪዥን የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባልደረቦችዎንና የማቀዝቀዣዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማቀዝቀዣውን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም፤ ባለቤቴ በየሳምንቱ ከውስጡ ስለሚወጣ ደህንነቱ ያሳስበኛል። እኔና ልጄ ትሪኑ አለን። የቀረው የቤተሰባችን አባል የት እንዳለ እኔ አላውቅም፣ እርስዎ ግን የሚያውቁ ይመስላል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩትም ስለዚህ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ከኢስቶኒያ ወደ አገራችሁ መጥተን በኦዳኒ ከተማ፣ በተራራው ግርጌ መኖር ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ባለቤቴ ታርሞ ግንድ ጠርቦ ቤት የሚሠራ አናጢ ነው። ትሪኑ እዚሁ ተወልዳ ሰባት ዓመት ሞላት። ከሁለት ዓመት በፊት እርስዎ ብስኩት ይዘው መጡ፤ ጫማዎን በር ላይ አውልቀው፣ ግንባርዎ ምንጣፉን እስኪነካ ሰግደው፣ ኑሯችንን ለአስቂኝ ድራማ መነሻ ለማድረግ ፈቃድ ጠየቁን። ታርሞ «እስቲ ይሣቁብን፣ ምን አለበት! የሚሥቅብህ ሰው ቢያንስ አይቶሃል» ብሎ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ።

እነሆ «እንግዶቹ በቁም ሣጥን» የተሰኘው ድራማችሁ እሑድ አመሻሽ ሕዝቡን ቴሌቪዥን ፊት ይሰበስብ ጀመር። አባትየው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባና በማቀዝቀዣው በኩል ይወጣል። ልጅየዋን የምትወክለው የአየር ጠባይ የምትተነብይ ወርቃማ ዓሣ ናት። እኔን የምትወክለው ደግሞ ቢጫ ዊግ የደፋች የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ናት። ስለ ውክልናው ቅሬታ የለኝም። ማብሰያዋ ቋንቋችሁን ከእኔ ይልቅ አጥርታ ትናገራለች፤ ሲበዛባትም ትጮኻለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

፩. ስለ ቀዩ ጃኬት አመሰግናለሁ። የልብስ ክፍል ሠራተኞችዎ «ተዋናዩ እውነተኛ እንዲመስል» ብለው መጋቢት ላይ በውሰት ወሰዱት። ታርሞ በግንቦት አንድ ማለዳ የተራራ ቅጠላ ቅጠል ሊለቅም ሲወጣ ስስ ግራጫ ካፖርት ለብሶ ወጣ፤ አልተመለሰም። በዚያ ተራራ ላይ ግራጫ የለበሰን ሰው ከድንጋይ መለየት አስቸጋሪ እንደሆነ ፈላጊዎቹ ነግረውኛል። ጃኬቱ ግን በደህና አለ፤ በየሳምንቱ አየዋለሁ። ክርኑ ላይ የጣፍኩት ጨርቅ እንኳ አልተነቀለም፤ ለአያያዛችሁ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

፪. ሰውየው ከጠፋም በኋላ ድራማውን ሳታቋርጡ በመቀጠል ላሳያችሁት ጽናት አመሰግናለሁ። በነሐሴ አንዲት አሮጊት ከዝግባው ጫካ ዳር ቀይ ጃኬት የለበሰ ረጅም ሰው አየሁ ብለው ሲጮኹ፣ የሰፈሩ ሰው ታርሞን የሚያውቀው በዚያ ጃኬት ነውና፣ የሰፈራችን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጓድ፣ ሃያ አንድ ሰው፣ እየሮጠ ወጣ። እኔም በነጠላ ጫማ ተከተልኳቸው። ከዛፎቹ መካከል፣ ከካሜራዎቻችሁ ፊት፣ አንድ ነጭ ማቀዝቀዣ ቆሟል። በሩ ተከፈተና የባለቤቴ ጃኬት ወጣ። ተዋናያችሁ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጁን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ «ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም! እመቤቴ፣ በእውነት እኔ አይደለሁም!» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ትሪኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችንን ማቀዝቀዣ ከፍታ ትቆማለች። ዝጊው ስላት «እማ፣ ከዘጋሁትማ በየት ይወጣል?» ትለኛለች።

፫. ሦስተኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። በሰኔ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሆዙሚ ትንሽ ጥቁር ገበታ ይዘው መጡ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ሩቅ ባሕር ዓሣ ሊያጠምዱ በሄዱ ቁጥር ቤት ውስጥ በሌሉበት የመንገደኛ ገበታ ሲያቀርቡላቸው ኖረዋል።

«ሄልቪ፣ አልቅሰሽ አትጨርሺውም፤ ይልቅ አብዪው» አሉኝ። «ሰው የትም ቢሄድ፣ ቤቱ ገበታ ከቀረበለት አይራብም። ኋላ የሳህኑን ክዳን አንሺ። ውስጡ ወዝቶ ካገኘሽው ሰውየሽ ደህና ነው።»

«ትኩስ ሩዝ ከሆነማ ሁልጊዜ ይወዛል እኮ» አልኳቸው።

«ታዲያ ሁልጊዜ ትኩስ አድርገሽ አቅርቢዋ! አንቺ ደግሞ!» ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አቀርባለሁ። እዚህ አገር በማንኪያ ፈንታ የሚበላባቸውን ሁለቱን የመብያ እንጨቶች ከሳህኑ ፊት ለፊት አጋድሜ አስቀምጣቸዋለሁ። ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ለሞተ ሰው ብቻ መሆኑን በዚህ አገር የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ክዳኑን ስናነሣ ጠብታዎቹን ትሪኑ ትቆጥራቸዋለች።

ይህንን ሁሉ ለእርስዎ የነገርኩዎት እኔው ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማስታወሻ ደብተርዎን ይዘው መምጣት አላቋረጡም ነበርና፣ ጥያቄዎ ከአዘኔታ መስሎኝ። በመስከረም በታየው ክፍል ሩዝ ማብሰያዋ ለጠፋው ባሏ ገበታ አቀረበች። ባዕድ ወግ አያውቅም የሚል ቀልድ ፈልጋችሁ ኖሮ፣ እንጨቶቹን ሩዙ መሐል ቀጥ አድርጋ ተከለቻቸው። ማንም አልሣቀም። በስቱዲዮው የነበሩት ተመልካቾች ሁሉ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ሳህን ሳጥብም፣ አውቶቡስ ስጠብቅም ይመጣብኛል።

፬. ስለ መርዶውም አመሰግናለሁ። ከባድ ነገር ፊት ለፊት በማይነገርበት አገር ስለምንኖር፣ ጎረቤቶቼ ያንን ያዩት እንደ ቀልድ አልነበረም። ምስኪኗ ሄልቪ ተስፋ መቁረጧን በጨዋነት፣ ማንንም ሳታስጨንቅ፣ በቴሌቪዥን አስታወቀችን ብለው ተረዱት። ሰኞ ጠዋት ጥቁር ለብሰው፣ ነጭ አበባ ይዘው ደጄ ተሰለፉ። ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር፤ አስከሬንም ቀባሪም በሌለበት ማርዳት ግን የናንተ ፈጠራ ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የሰፈር ማስታወቂያም የባለቤቴን ሐዘን ይዞ ዞረ። እኔ ቤት ሲደርስ አነበብኩትና፣ እንደ ደንቡ፣ ማንበቤን በስም ማኅተሜ አረጋግጬ ለቀጣዩ ቤት አሳለፍኩት። በራሴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፦ እሑድ እሑድ ተራራ ይወጡ የነበሩት ፈላጊዎች ቀሩ። የጓዱ አለቃ አቶ ኩዋባራ ዘንድ ሄጄ ምነው ብላቸው፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ሐዘንዎን ላለመረበሽ ብለን ነው» አሉኝ።

«እኔ ሞተ አላልኩም።»

«በቴሌቪዥን ብለዋል እኮ።»

«እሷ ሩዝ ማብሰያ ናት፣ አቶ ኩዋባራ!»

«አዎ፣ አዎ… ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» ብለው ሻይ ቀዱልኝ። አልሞተም ባልኩ ቁጥር፣ ሐዘኗ ገና አልወጣላትም እየተባልኩ ሻይ ይቀዳልኛል። በዚህ ወር ብቻ የጠጣሁት ሻይ ለአንድ መንደር ይበቃል።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ትሪኑ ቀድማኝ ተነሥታ የአባቷን ገበታ ራሷ አቀረበች። ስደርስ እንጨቶቹ ሩዙ ላይ ቆመዋል። «ማን አሳየሽ?» አልኳት። «አንቺ ነሻ፣ በቴሌቪዥን» አለችኝ። ነቀልኳቸው፤ አንዱ ከእጄ ወደቀ። በልጄ ላይ ጮኽኩባት። እርስዎ ላይ መጮኽ ሲገባኝ እሷ ላይ በመጮኼ ይቆጨኛል።

አሁን የላኩልኝን የመጨረሻውን ክፍል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። አባትየው ይቀበራል፤ በሬሳ ሣጥኑ ገብቶ በማቀዝቀዣው ይወጣል። በጣም ያስቃል። ሆኖም በታላቅ ትሕትና አንድ ለውጥ እለምናለሁ፤ ከአሥር ሰኮንድ አይበልጥም። ማብሰያዋ እንጨቶቹን ትንቀላቸው፣ ታጋድማቸው፣ «ባሌ አልተገኘም፤ ፈልጉልኝ» ትበል። እኔን የማይሰማ ሰው ሁሉ እሷን ይሰማታል። አሁን ጥቅምት ነው፤ ኅዳር አጋማሽ በረዶው የተራራውን መንገድ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ የሚወጣ የለም። አላበድኩም፤ ታርሞ ሞቶ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፣ ማታ ማታም እፈራዋለሁ። ከሞተ ግን ሞቱን ተራራው ይንገረኝ እንጂ የመዝናኛ ክፍል አይንገረኝ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለድራማዎም ብዙ ተመልካች እየተመኘሁ፣ እርስዎ በእኛ ምንጣፍ ላይ ከሰገዱት አንድ ጣት ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ፤

የሩዝ ማብሰያዋ ታናሽ ባልደረባ፣
ሄልቪ ሌፒክ
ከኦዳኒ

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ ለቀብሩ ትዕይንት በጥቁር ክፈፍ የሚሆን፣ ባለቤቴ ፈገግ ያለበት ፎቶግራፍ እንድልክ በትሕትና ጠይቃኛለች። መላክ አላስፈለገኝም፤ ዛሬ ጠዋት በባቡር መጥቼ ከጣቢያችሁ መግቢያ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ በእጄ ለጥፌዋለሁ። ደህና አድርጎ ፈገግ ብሏል። ለክፈፉ ስትልጡት ግን ቀስ በሉ፤ ከሥሩ «ይህን ሰው ያያችሁ ንገሩን» የሚለው ጽሑፍ አብሮ እንዳይቀደድ።