አልፋ የተባለችው ልጅህ

ከገንዳ ውሃ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላለኸው ወንድሜ ለይኩን፣ ሰላምታዬ እንደ ክረምቱ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ይድረስህ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ ሰሊጡም ዘንድሮ አምሮበታል።

እልል በል! ሚስትህ መቅዲ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተ ነው።

ስም ስናወጣ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባባ «አልፋ ትባል፤ የሰጠን አልፋና ዖሜጋው ነው» አሉ። እኔም አስተማሪነቴ ተነሣብኝና፣ «የግሪክ ፊደል እኮ ነው፤ በፊዚክስ አንዲት ወረቀት የምታግደው ጨረር ስም ነው» አልኩ። ልጅቷ ይህኔ እሪ አለች። «ታዲያ ይችን ማን ሊያግዳት!» ብለው አባባ ሳቁ። ጎረቤታችን ዘምዘም «በዐረብኛ አሊፍ ነው» ስትል፣ አባባ «በግዕዙም አልፍ ነው፤ እንግዲያ የሁላችን ልጅ ናት» ብለው መረቁ።

መቅዲ ልጇን አቅፋ፣ «አልፋ መጀመሪያ ናት፤ የተከታዩን ስም የሚያወጣው አባቷ ነው» አለች። እማማ እልል አሉ። መቅዲም ስቃ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ሙቀቱ አይጣል ነው።

ሌላው እንደምታውቀው ነው። ዘምዘም ከማዶ የተሻገረውን ሁሉ አስቁማ ታወራለች፤ የገበያ ወሬ ነው ትለናለች። እማማም አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ብቅ ይላሉ፤ እዚያ ነፋሻ ነው አሉ። ስልክህ ከፋሲካ ወዲህ አልገባ ስላለኝ፣ ይህን በሹፌሩ በባየልኝ እጅ ልኬዋለሁ። መጻፊያ ጊዜ ካጣህ አንዲት ፊደል ብቻ ጽፈህ ስጠው፤ የትኛዋም ትሁን፣ እጅህን እናውቀዋለን።

የሄድክበትንም የምትመጣበትንም መንገድ አምላክ ያቅናልህ።

እህትህ አየሁሽ